ከኦና ቤት የተነቀለ ሥር

እናቴ ወደ ሰባ ስትጠጋ ጣቶቿ ማበጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ክረምት ክረምት ብቻ ነበር፣ በከተማችን በመሐል ሜዳ ጉሙ ከደጃፍ ሳይነሣ በሚውልባቸው ሳምንታት። ኋላ በጋውም አልማራት አለ። አንጓዎቿ ቀልተው፣ ቆዳዋ ተወጥሮ፣ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታት ነበር። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣት ኪኒን ሕመሙን ቢያስታግስላትም ጨጓራዋን ያነደዋል። "አንዱን ሸኝቼ ሌላውን ተቀበልኩ" ትላለች።

እኔ ደግሞ የማስተምረው የመድኃኒት ትምህርት ነው፣ ከእኛ አገር ወረድ ብሎ ባለ ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ። ከማስተማሩ ሌላ ሥራዬ ይኸው እብጠት ነው። ለእብጠት ይበጃል የሚባል ቅጠል ወይም ሥር ሲገኝ እናደርቀዋለን፣ እንፈጨዋለን፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን ጭማቂውን እናወጣለን። ከዚያ ነጫጭ አይጦች እግር ላይ የሚያሳብጥ ፈሳሽ በጥቂቱ እንወጋለን። ለአንዳንዶቹ አስቀድመን የሥሩን ጭማቂ እናጠጣቸዋለን፣ ለአንዳንዶቹ የታወቀውን የፋርማሲ መድኃኒት፣ ለቀሩት ውኃ ብቻ። እግራቸውን እየለካን የማንኛው እብጠት ቶሎ እንደሚጎድል እናያለን። ሌላ ምሥጢር የለውም። እብጠት ለእኔ የሚለካ ነገር ነው፤ ወይ ይጎድላል፣ ወይ አይጎድልም።

አንድ ዓመት ለበዓል ወደ ቤት ስሄድ እናቴን እንዝርት ይዛ ሱፍ ስትፈትል አገኘኋት። ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጣቶቿ እንደ ድሮው ቀጭን ነበሩ።

"ምን አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"አንድ መሪጌታ ናቸው። አገራቸው ከራቤል ወዲያ ነው፤ ለተዝካር ጎረቤት መጥተው እጄን አዩት። ሲመለሱ በሰው እጅ ሥር ላኩልኝ። ፈጭቼ ለጥፌው አድሬ፣ በነጋታው ይኸውልሽ።"

የቀረውን ሥር ከጨርቅ ፈትታ አሳየችኝ። ቢጫውን ውስጡን አይቼ፣ አሽትቼም ወዲያው ዐወቅኩት።

"ይኼማ ቱልት ነው! የትም የሚበቅል አረም አይደለም እንዴ? ሳማ ሲለበልበን የምናሽበት።"

"እኔም እንዲያው ብዬ ነበር። 'የኦና ቤት ቱልት ነው' ብለው ላኩብኝ።"

"የየት ኦና ቤት?"

ዐይኗን ወደ እንዝርቷ መለሰች። "እሱን አልጠየቅኳቸውም" አለች። አነጋገሯ እንደ መቁረጥ ያለ ስለነበር አልገፋሁም።

ቱልት እብጠት እንደሚቀንስ በእኛ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነብኝ፣ የበቀለበት ቦታ ኃይሉን ይለውጠዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። አፈር ለተክል ብዙ ነገር ያደርግበታል። ስለዚህ ዕፅዋት የሚያጠና ባልደረባዬን ይዤ፣ የመንገድ ዳሩንም የኦናውንም ቱልት ጎን ለጎን ለመፈተን፣ ዝናቡ እንዳባራ ወደ ራቤል ወጣን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእግር ነው።

መሪጌታው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው ደጃቸው ላይ ተቀብለውን የመጣንበትን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙ። አይጦቹን ስነግራቸው ሣቅ አሉ።

"አይጥ አይዋሽም፤ ጥሩ ነው" አሉ። "ግን አንድ ነገር እናንተ ጋ የለም። እኔ የምነቅለው አስፈቅጄ ነው። እሱን እሺ ካላችሁ ነገ ጧት እወስዳችኋለሁ።"

"ባለቤት አለው ማለት ነው?" አለ ባልደረባዬ።

"ቤት ሆኖ ባለቤት የሌለው አለ?" አሉት።

በማግሥቱ ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ደረስን። መንደሩ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጣሪያ የሚባል አልቀረም፤ የድንጋይ ግድግዳዎቹ ግን የደረት ያህል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ሆነው ቆመዋል። የበሮቹ ክፍተቶች ሁሉ ወደ እኛ ነበር የሚያዩት። መሪጌታው እንደነገሩን፣ ድሮ ተስቦ ገብቶበት ከሞት የተረፈው ሰው ጥሎት የሄደ መንደር ነው። ማንም ተመልሶ አልሠራበትም። ድንጋዩን እንኳ ለካብ የወሰደ የለም።

ቱልቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሜዳው ላይ አንድም የለም፤ ሣር ብቻ ነው። ቤቶቹ ውስጥ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ፣ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል።

"አመድና ፍግ ነው" አለኝ ባልደረባዬ። "ሰውና ከብት በኖረበት አፈሩ ይዳብራል። ቱልት እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል።" ልክ ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው።

መሪጌታው የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ማንም ሰው የሰው ደጅ ሲደርስ እንደሚያደርገው "ቤቶች!" ብለው ተጣሩ።

ነፋሱ ብቻ ነበር። ጆሯቸውን ወደ ውስጥ ሰጥተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ "እግዜር ይስጥልን" ብለው ግቡ አሉን። ገብተን ቆፈርን። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ። አንዱ ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ተጣርተው፣ ከሌሎቹ አብልጠው ጠብቀው፣ ፊታቸውን አዞሩ።

"ይኼኛውስ?" አለ ባልደረባዬ።

"አልመለሱልኝም።"

"ሌሎቹ መልሰው ነበር እንዴ?"

"አንተ አልሰማህ ይሆናል" አሉት፣ ሳይቆጡ። መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ባልደረባዬ ትንሽ ቆይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰና ጥቂት ሥር ነቅሎ መጣ። "ለማነጻጸሪያ" አለኝ። ለብቻው ከረጢት ውስጥ ከትተን ምልክት አደረግንበት።

የመጨረሻው ቤት ከሁሉም ራቅ ብሎ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ስንቃረብ ጉሙ ከቆላው እየተንከባለለ ወጣ። ኋላችን ያለው መንደር በአንዴ ጠፋ። መሪጌታው ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና "እዚህኛው ላይ አንቺ ጥሪ፣ ልጄ" አሉኝ።

አፈርኩ። ባልደረባዬ ይስቅብኛል ብዬ ዞር ስል ወደ ኋላ ቀርቶ ከረጢት እያሰረ ነው፤ በጉሙ ውስጥ ጥላው ብቻ ይታያል። ደጃፉ ላይ ቆምኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ቤቶች!" አልኩ።

"ደጆች!" አለኝ ከውስጥ።

የልጅ ድምፅ ነው። የሴት ልጅ። እንግዳ ሲመጣ ሌላ ሰው እንዳይቀድማት እየሮጠች የምትመልስ ልጅ ድምፅ፤ ትንሽ ቁና ቁና የሚል። ከግድግዳው በስተጀርባ እንኳ አልነበረም። ከዚያው፣ ከፊት ለፊቴ፣ ከቅጠሉ መካከል፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ።

መሪጌታው ተነሥተው አጠገቤ መጥተው ነበር።

"ሰማሽ?" አሉኝ።

"ሰማሁ።"

ፊታቸው ላይ ያየሁት መገረም ነው፤ ያ ደግሞ ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝ። "እኔ ከዚህ ቤት መልስ አግኝቼ አላውቅም" አሉ። "ከዚህ ነቅዬም አላውቅም። ለእናትሽ የላክሁት ከወዲያኛው ነው።" ከዚያ ክንዴን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገፉኝ። "ግቢ። ደጆች ተብሎ ወደ ኋላ መመለስ ነውር ነው።"

ገባሁ። ውጭ ጣቴን ያደነዘዘው ብርድ ውስጥ አልነበረም። በስተግራ ድንጋይና ጭቃ የሆነ የወፍጮ መደብ አለ፤ የላይኛው ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ አሁንም እዚያው ተቀምጧል። ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርኩ። ቱልት ሥሩ ጥልቅ ነው፣ በሌሎቹ ቤቶች ታግሎን ነበር። እዚህ ግን ከታች የሚያቀብለኝ ሰው ያለ ይመስል እየለቀቀ በእጄ መጣ። ጥቂት ብቻ ወስጄ ወጣሁ። ስወጣ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጀርባዬን አልሰጠሁም።

ባልደረባዬን ድምፅ ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ገደሉ ነው ያስተጋባው" አለኝ። የገደል ማሚቶ የራስን ቃል ነው የሚመልሰው፤ እኔ ደግሞ "ደጆች" አላልኩም። ይህን አልነገርኩትም።

እሱ ከረጢቶቹን ይዞ ወደ ሥራ ቦታችን ሲያልፍ እኔ መሐል ሜዳ ወርጄ እናቴ ጋ አደርኩ። እራት ላይ ስለ መንገዱ፣ ስለ መሪጌታው፣ ስለ ኦና ቤቶቹ አወራኋት። ስለ ድምፁ ግን ምንም አላልኩም። ገደሉ ጫፍ ላይ ስላለው ቤት ስነግራት መብላቷን አቆመች።

"የወፍጮው መደብ በስተግራ ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ድንጋዩ የተሰነጠቀ?"

ጉርሻው በእጄ እንዳለ ቀረ።

እናቴ መሐል ሜዳ ተወልዳ ያደገች ናት። እስከዚያች ቀን የማውቀው ይህንን ነው። አያቴ የምላቸው፣ ልጅ ሆኜ የሞቱት ሴትዮም እናቷ እንደሆኑ ነበር የማውቀው።

"አክስቴ ናቸው" አለች። "እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። በዓሉን አክስትሽ ጋ ዋይ ብለው ላኩኝ። ስመለስ ላገኛቸው። ከዚያ ተስቦው ገባ። አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ ታናሽ እህቴ። ለእኔ የነገሩኝ ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው። መልሰሽ ውሰጂኝ ብዬ ማልቀሱን ስተው፣ ያን ጊዜ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ የዚያን አገር ስም አንሥቼ አላውቅም። መሪጌታው የኦና ቤት ሲሉ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ ፈርቼ ተውኩት።"

አምፖሉን እንደ ምድጃ እሳት አፍጥጣ ታየው ነበር። ከዚያ ፈገግ አለች።

"እህቴ ያቺ ጉድ ነበረች። ሰው ደጅ መጥቶ ቤቶች ካለ ማንም አይቀድማትም። ከየትም ሮጣ መጥታ ደጆች የምትል እሷ ናት። እናቴ 'አንቺ ልጅ ትንፋሽ ያጥርሽና' እያለች ትቆጣት ነበር።"

ያን ጊዜ የድምፁን ነገር ነገርኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ነጠላውን ስታወርደው ግን ዐይኗ ደረቅ ነው።

"ድምፅሽ የእኔ ድምፅ ነው" አለችኝ። "እኔ የተመለስኩ መስሏት ነው።"

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥሮቹ በጥላ ማድረቂያ ክፍላችን ውስጥ ተከትፈው፣ የየቤቱ ለየብቻው ተዘርግቶ ነበር። ከመንገድ ዳር የነቀልነውን፣ ከቤቶቹ የነቀልነውን፣ መልስ ካልተሰጠበት ቤት የመጣውንም በየተራ ፈጭተን ፈተንን። የሚለካው ሰው የትኛው የየት እንደሆነ አያውቅም። የገደሉ ጫፍ ቤት ሥር ገና አልደረቀም እያልኩ አቆየሁት። ሌሎቹ ከተፈጩ በኋላም አልደረቀም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በእርግጥም አልደረቀም ነበር። ባልደረባዬም ነክቶት ተገርሟል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አይጦቻችንን የምትንከባከበው ሴት ወደ ቢሮዬ መጣች። ከእኛ አገር አይደለችም፣ የሄድንበትንም አታውቅም። ለጸሎት ካልሆነ በቀር ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት።

"መምህር፣ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው አለ እንዴ?"

"የምን ልጅ?"

"የማድረቂያው ክፍል ቁልፍ በሩ ላይ ስለነበረ ሰው ካለ ብዬ አንኳኳሁ። 'ሰው አለ?' ስል ልጅ መለሰችልኝ። ገብቼ ባይ ማንም የለም። ጠረጴዛው ሥርም አየሁ።"

"ምን ብላ መለሰችልሽ?"

ግራ ገባት። "እኔ እንጃ፣ መምህር። ደጆች ያለችኝ መሰለኝ። እንዲህ ይባላል እንዴ?"

ዳግመኛ እንዳትገባ ብቻ ነገርኳት። ፀሐይ ነበረች፤ ተማሪዎች በመስኮቱ ሥር እየሣቁ ያልፋሉ። ስልኬን አንሥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሥሩ እንዳልደረቀ፣ ሴትየዋ የሰማችውንም ነገርኳት። እናቴ ብዙ አልጠየቀችኝም።

"አምጪያት" አለችኝ። አምጪው አላለችም።

ባልደረባዬ ተቆጣኝ። የሁሉም ቤት ተፈትኖ የአንዱ ሲቀር ሥራው ጉድለት ይኖረዋል፣ ልክ ነው። ይኑረው አልኩት።

እናቴ ያን መንገድ በበቅሎ ሄደች። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሱፍ ልብሷን፣ ባናዋን፣ ደርባበት፣ መንገዱን ሁሉ በአንድ እጇ ደግፋው ነበር። መሪጌታው የአጥቢያውን ቄስ ይዘው መንደሩ ላይ ጠበቁን። ለእነዚያ ሙታን ፍትሐት ያደረሰላቸው አልነበረም፤ ማን ቀርቶ?

ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። እናቴ የአባቷን ተናገረች። የእናቷን፣ የወንድሟን ተናገረች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቀረ።

"የእህቴ ጠፋኝ" አለች። "የምንጠራት በቁልምጫ ነበር። ክርስትናዋን ሰምቼ ዐውቃለሁ፤ አባቴ በስለት ያነሣው ነበር። ጠፋኝ።"

"እግዚአብሔር ያውቃታል" አሏት ቄሱ። ግን በስም የጠሩት ሦስቱን ብቻ ነው። እናቴ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

ሲያበቃ ወደ ቤቱ ገባች። አልተጣራችም፣ ደጃፉ ላይም አልቆመችም፤ ውኃ ቀድቶ እንደሚመለስ ሰው ዝም ብላ ገባች። ከረጢቱን ከወፍጮው አጠገብ ቀብራ አፈር መለሰችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቱልቱን መንቀል ጀመረች። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሁሉንም። በዚያ እጅ! ላግዝሽ ብዬ ስገባ በዐይኗ መለሰችኝ።

መሪጌታው ጨነቃቸው። "እሜቴ፣ መድኃኒቱን እኮ ነው የሚነቅሉት።"

"ለእናንተ መድኃኒት ነው" አለች ሳትዞር። "ለእኔ የእናቴ ቤት ወለል ነው። ዳዋ ለብሶ አይኖርም።"

ወለሉ ራቁቱን እስኪቀር ድረስ አልተነሣችም። ከዚያ በቅጠል አንድ ጊዜ ጠረገችው። ጉሙ ወደ ገደሉ ተመልሶ ፀሐይ በጣሪያው በኩል ገብታ ነበር። ስንሄድ ከኋላችን ማንም ምንም አላለም። እኔ ጆሮዬን ጥዬ ነበር የምሄደው።

በማግሥቱ ጣቶቿ ያብጣሉ ብዬ ኪኒኑን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አላበጡም። በሳምንቱም አላበጡም። ክረምቱ ሲገባ ግን እንደ ወትሮው አበጡ፤ ፈውስ መጣ ብዬ አልዋሽም። የፈተናችንም ውጤት ወጣ። የኦናው ቤቶች ቱልት ከመንገድ ዳሩ ጥቂት ይሻላል። መልስ ካልተሰጠበት ቤት የተነቀለውም ከሌሎቹ አላነሰም። አፈሩ ነው ብለን ጻፍን፤ እኔም አፈሩ ነው ብዬ አምናለሁ። መሪጌታው ይህን ሲሰሙ "እነሱ ዝም ያሉት ስለ ሥሩ ላይሆን ይችላል" ብለው ብቻ አለፉት።

ስሙ የመጣው በዚያው ክረምት፣ ለዕረፍት ቤት ሳለሁ ነው። ጧት እናቴ ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ውኃው ከእጇ እየፈሰሰ ቆመች። ከዚያ አንድ ስም ጠራች። ረጅም፣ ያማረ፣ የግዕዝ ስም።

"ማን ነው?" አልኳት።

"እሷ ናት።"

"እንዴት ትዝ አለሽ?"

"ትዝ አላለኝም" አለች። "ስነቃ አፌ ውስጥ ነበር።"

ፊቷን እንኳ ሳትጠርግ ስልክ ደውይልኝ አለችኝ። ቄሱን አገኘንላት። ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመችላቸው፤ እንዳይሳሳቱ ፊደል በፊደል። በዚያው እሑድ ቅዳሴ ላይ እንደጠሯት መልሰው ነገሩን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእናቴ ነው። እሷም ከዚያ በኋላ ለብቻዋ ስትጸልይ ካልሆነ በቀር ጮክ ብላ ስትጠራው ሰምቻት አላውቅም።